ንብ የሚጨርሱ የርጭት ስህተቶች

ከሁሉም የከፋው ፀረ-ፈንገስና ፀረ-ተባይን በአንድ መርጫ መበጥበጥ ነው። ስንዴው ዋግ ሲመታው ፕሮፒኮናዞል ይገዛል፤ ብዙ ሰው ቲልት የሚለው ነው። ክሽክሽ (ጭማቂ መጣጩ ደቃቅ ተባይ) ከታየም «ካራቴም ጠብ ይበልበት፣ ሁለት ጊዜ ከመልፋት» ይባላል፤ ካራቴ ፀረ-ተባዩ ነው። ፀረ-ፈንገሱ ብቻውን ጎልማሳ ንብ እምብዛም ስለማይገድል ማንም አይጠረጥረውም። ንብ በሰውነቷ ውስጥ መርዝ የሚሰባብሩ ኢንዛይሞች አሏት፤ ጥቂት ካራቴ ቢነካት በእነሱ ልታመልጥ ትችላለች። ፕሮፒኮናዞል የሚያግደው እነዚያኑ ኢንዛይሞች ነው። ስለዚህ ሌላ ጊዜ የማይገድላት መጠን ያኔ ይገድላታል፤ «መጠኑን ቀንሻለሁ» ማለት አያድንም።

«ንብ ስንዴ ላይ ምን አላት?» የሚለው ክርክር ደግሞ ያሰለቻል። ስንዴው ውስጥ የበቀለውን ጎመንዘር፣ ድንበሩ ላይ ያለውን መጭና ማገጥ፣ አጠገቡ ያለውን ባቄላና ኑግ ማን ይቀስማል?

በአንድ መርጫ አለመበጥበጥም ብቻውን አይበቃም። ንብ 2 እና 3 ኪሎ ሜትር ርቃ ትቀስማለች። እርስዎ ሰኞ ፀረ-ፈንገስ፣ ጎረቤትዎ ረቡዕ ፀረ-ተባይ ከረጫችሁ ሁለቱ የሚገናኙት ንቧ ሆድ ውስጥና ቀፎ በገባው የአበባ ዱቄት ላይ ነው። የርጭት ቀን ተነጋገሩ፣ በቻላችሁት ያህል አራርቁ። ክሽክሹ ለርጭት የሚያበቃ መሆኑን ሳያዩ ፀረ-ተባዩን አይክፈቱ።

በአበባ ላይ በቀን መርጨት። የግድ ከሆነ ንብ ወደ ቀፎ ከገባች በኋላ፣ ከ12 ሰዓት ምሽት ወዲያ ይሁን። ካራቴ ግን ደርቆም በማግስቱ ስለሚጎዳ ያበበ ሰብል ላይ ባይረጭ ይመረጣል።

የዱቄት መርዝ መነስነስ። ንቧ ከአበባ ዱቄት ጋር ጠቅልላ ታስገባዋለች፣ እጩም ይመገበዋል። ፈሳሽ ካለ ፈሳሹን ይጠቀሙ።

በቆሎ ወንዴ አበባ ካወጣ በኋላ ለተምች መርጨት። ንብ ከወንዴ አበባው ዱቄት ትሰበስባለች። መጤው ተምች በ2017 እ.ኤ.አ. ከገባ ወዲህ ይህ ስህተት በዝቷል። የሚረጨው ገና በለጋነቱ፣ ቅጠሉ በሚወጣበት መሃል ላይ ነው፤ ትሉ የተደበቀው እዚያ ነው።

መርጫን ምንጭ ዳር ማጠብ። ንብም ከዚያው ትጠጣለች።

አናቢውም ይሳሳታል። እኩለ ቀን ላይ ቀፎ መዝጋት ቀሳሚዎቹን ውጭ ማስቀረት ነው። በርጭቱ ዋዜማ ማታ፣ አየር በሚያስገባ ወንፊት ይዝጉ፤ ጥላ ያድርጉለት፣ እርጥብ ጆንያ ይጣሉበት፣ ከአንድ ቀን በላይ አያቆዩት። በጭቃ ወይም በጨርቅ የተደፈነ ቀፎ በሙቀት ያልቃል። ርጭቱ ለቀናት የሚቀጥል ከሆነ ቀፎውን በሌሊት ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ማራቅ ይሻላል።

ንብ በር ላይ ምላሷን አውጥታ ሞታ ከተገኘች፣ የአበባ ዱቄት የሞላበትን የማር እንጀራ አውጥቶ መቅበር ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ህብረ ንቡ ከመጋዘኑ መመረዙን ይቀጥላል። ሰሙም መርዙን ስለሚይዝ ለአዲስ እንጀራ መሠረት አይሆንም። ጠባቂ ንብ ስለሚያንስ የቀፎውን በር ያጥብቡ፤ ስኳር በውሃ እኩል በእኩል በጥብጠው፣ ለአበባ ዱቄቱ ምትክ ደግሞ ሽሮ ወይም በሶ ይስጡ።