ከመዋኛ ገንዳ ወደ ሐይቅ፦ ጀማሪ የትራያትሎን ተወዳዳሪ ክፍት ውሃን እንዴት ይልመድ?

ትራያትሎን ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ ተከታትለው የሚካሄዱበት ውድድር ነው፤ እዚህ የምናየው ዋናውን ነው። ገንዳ ውስጥ 1500 ሜትር ያለ እረፍት የሚዋኝ ሰው ሐይቅ ላይ 100 ሜትር ሳይሞላ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። ጉልበት አንሶት አይደለም። ከሥሩ የሚከተለው ጥቁር መስመር የለም። ሲደክመው የሚይዘው ግድግዳ የለም። ውሃው ይቀዘቅዛል፣ አጠገቡ የሚዋኝ ሰው እጅ እግሩን ይነካዋል። ይሄ ሁሉ ተደማምሮ ቀድሞ የሚረብሸው ትንፋሽን ነው። ስለዚህ ፍጥነትን ለጊዜው እርሱት። መጀመሪያ የሚለመደው ተረጋግቶ መተንፈስ ነው።

ርቀቱን በተመለከተ፣ አጭር በሆነው ትራያትሎን (ስፕሪንት) የሚዋኘው አብዛኛውን ጊዜ 750 ሜትር ነው። በኦሎምፒኩ 1500 ሜትር፣ አይረንማን በሚባለው ረጅሙ ውድድር ደግሞ 3.8 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወዳደሩ ከሆነ አጭሩን ምረጡ።

1. ልምምዱን ገንዳ ውስጥ ጀምሩ

ግድግዳው ጋ ስትደርሱ አትንኩት፤ ትንሽ ሲቀራችሁ ዞራችሁ ተመለሱ። ያቺ ግድግዳውን ገፍታችሁ የምታገኟት እረፍት ሐይቅ ላይ የለችም። በግራም በቀኝም መተንፈስ ልመዱ። ማዕበሉ ወይም ፀሐዩ በአንድ በኩል ሲመጣ ፊታችሁን ወደ ሌላው ታዞራላችሁ። መስመሩ ባዶ ሲሆን ደግሞ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አምስት ስድስት ጊዜ ቅዘፉና ክፈቱ። ወደየት እንደምታዘነብሉ ያኔ ይገባችኋል። አብዛኛው ሰው ወደ አንድ ወገን ይሄዳል፤ የራሳችሁን ቀድማችሁ ማወቁ ብዙ ሜትር ያተርፍላችኋል።

2. ከመግባታችሁ በፊት

ብቻችሁን በፍጹም አትግቡ። በዚህ ነገር ድርድር የለም። ዋና የሚፈቀድበትን ቦታ ምረጡ፤ የምትወጡበትንም ቦታ ቀድማችሁ እዩ። ደማቅ ቀለም ያለው ኮፍያ አድርጉ። ከወገብ ታስሮ ከኋላ የሚጎተተውን ተንሳፋፊ ቦርሳም ያዙ። ጀልባ የሚነዳ ሰው ከሩቅ የሚያያችሁ በእሱ ነው፣ ሲደክማችሁም ትደገፉበታላችሁ። መብረቅ ካለ አትግቡ። ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላም ጥቂት ቀን መታገስ ይሻላል፤ ጎርፉ ከየቦታው ቆሻሻ ይዞ ይገባል።

ዌትሱት (ሰውነት ላይ ጥብቅ የሚል የጎማ የዋና ልብስ) ሙቀት ይይዛል፣ እግርንም ከፍ አድርጎ ያንሳፍፋል። ግን ደረትን ይጨምቃል። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትለብሱት በውድድሩ ቀን እንዳይሆን። አንገታችሁ እንዳይላጥ ቅባት ቀቡት። ውሃው ሞቃት ሲሆን ዌትሱት ይከለከላል፣ በጣም ሲቀዘቅዝ ደግሞ ግዴታ ይሆናል። የሙቀቱ ልክ እንደ ውድድሩ ስለሚለያይ ደንቡን ቀድማችሁ አንብቡ።

3. የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች

ይሄን ክፍል በደንብ ያዙልኝ። ሰውነት ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ሳታስቡት አየር ወደ ውስጥ ትስባላችሁ። ትንፋሻችሁ ይፈጥናል፣ ልባችሁ ይደልቃል። በተለይ ውሃው ከ15 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲሆን ይበረታል። ያኔ ፊታችሁ ውሃ ውስጥ ከሆነ የምትስቡት ውሃውን ነው። ደግነቱ ስሜቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ይበርዳል።

ስለዚህ ዘላችሁ አትግቡ። እስከ ወገባችሁ በእግራችሁ ግቡና ቁሙ። ፊታችሁንና አንገታችሁን አርጥቡ። ከዚያ ፊታችሁን ነክራችሁ አረፋ እያወጣችሁ ረዘም አድርጋችሁ ተንፍሱ። ይሄንን ደጋግሙት። ትንፋሹ ሲረጋ ብቻ ከዳርቻው ሳትርቁ፣ ዳሩን ተከትላችሁ ቀስ ብላችሁ ዋኙ። ለመጀመሪያ ቀን አሥር ደቂቃ በቂ ነው።

መሀል ላይ ድንጋጤ ከመጣ በጀርባችሁ ተኙ። ሰማይ ሰማይ እያያችሁ አየሩን ከምታስገቡበት በላይ ረዘም አድርጋችሁ አስወጡ። ውድድር ላይም ቢሆን ይቻላል። በደረት መዋኘት አይከለከልም። በብዙ ውድድሮች ወደፊት እስካልተጓዛችሁበት ድረስ የነፍስ አድኑን ጀልባ ይዞ ማረፍም ይፈቀዳል። እርዳታ ከፈለጋችሁ እጃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አውለብልቡ።

4. አቅጣጫ ማየት

አዞ ውሃ ውስጥ ሆኖ ሲያይ ከላይ የሚታየው ዓይኑና አፍንጫው ብቻ ነው። እናንተም እንደዚያ አድርጉ። ዓይናችሁ ብቻ ብቅ ይበል፣ ወዲያው ፊታችሁን ወደ ጎን አዙራችሁ ተንፍሱ። ጭንቅላታችሁን ሙሉ በሙሉ ካነሳችሁ ወገባችሁ ይሰምጣል፣ ዋናው ሁሉ ይከብዳል። በየስድስት እስከ አሥር ቀዘፋው አንዴ ማየት ይበቃል። ማዕበል ካለ ማዕበሉ ከፍ ሲያደርጋችሁ ጠብቃችሁ እዩ።

መንገዱን ለማሳየት ውሃው ላይ የምትንሳፈፈውን የምልክት ኳስ ከውሃው ወለል ላይ ሆኖ ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ ገና መሬት ላይ ሳላችሁ ከኳሷ ጀርባ ትልቅ ነገር ፈልጉ። ዛፍ፣ ሕንጻ ወይም ጉብታ ሊሆን ይችላል፤ ስትዋኙ እሱን እያያችሁ ሂዱ።

5. ከሰው ጋር መዋኘት

ከሁለት ሦስት ጓደኞቻችሁ ጋር ተጠጋግታችሁ ተለማመዱ፤ መነካካቱ ያኔ አያስደነግጣችሁም። ከፊት ካለው ሰው እግር ሥር በሚወጣው አረፋ ተከትሎ መዋኘት በትራያትሎን የዋና ክፍል የተፈቀደ ነው፣ ጉልበትም ይቆጥባል። ግን እሱም ሊሳሳት ይችላልና በራሳችሁ ዓይን እዩ። ሲጀመር ከኋላ ወይም ከዳር ቁሙ። የመነጽራችሁን ማሰሪያ ከኮፍያው ሥር አድርጉት፤ የሰው እግር ቢመታችሁ አይወልቅም።

6. መውጣት

እጃችሁ መሬት እስኪነካ ድረስ ዋኙ፤ ቀድሞ መቆም ጭቃ ውስጥ ያስዳክራል። ሊያልቅ 50 ሜትር ገደማ ሲቀር እግራችሁን በደንብ ምቱ። ረጅም ጊዜ ተጋድሞ የቆየ ሰው በድንገት ሲቆም ሊያዞረው ይችላል፤ እግሩ መንቃት አለበት።

ከልምምድ በኋላ እርጥቡን ልብስ ቶሎ አውልቁ። ሰውነት ከውሃ ከወጣ በኋላም ለተወሰነ ጊዜ መቀዝቀዙን ይቀጥላል። በደረቅ ልብስ ተጠቅለሉ፣ ሞቅ ያለ ነገር ጠጡ። መንቀጥቀጡ እስኪለቃችሁ ድረስ መኪና አትንዱ።