«ጾታ፦ ወንድ» ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው?

ሥራዬ ኮምቦልቻ ውስጥ ሠራተኛ መቅጠር ነው። ቤቴ ደሴ ነው። በሁለቱም ከተማ የሚያውቁኝ ሰዎች ማስታወቂያ ሊያወጡ ሲሉ «አንዴ እዪልኝማ» ብለው በቴሌግራም ይልኩልኛል። አያለሁ። ልብስ ቤቱም፣ ሆቴሉም፣ ክሊኒኩም የሚልኩት ቅርጹ አንድ ነው፦ የሥራ መደብ፣ የትምህርት ደረጃ፣ የሥራ ልምድ፣ ከዚያ «ጾታ»። ለምን እንደገባች የሚያስታውስ የለም። ከድሮ ማስታወቂያ እየተገለበጠች እዚህ ደርሳለች። ባዶ እንዳትቀር ደግሞ አንድ ነገር ይሞላባታል።

ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ። እኩል ቦታ አልሰጣቸውም። አንዳንዱ በጣም ያናድደኛል፣ አንዳንዱን በአንድ መስመር አልፈዋለሁ።

ምክንያቱን ትቶ ጾታ መጻፍ

አንድ ነጋዴ የመጋዘን ሠራተኛ ማስታወቂያ ላኩልኝ። «ጾታ፦ ወንድ» ይላል። ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ ለምን ወንድ ብቻ አሉ?»

«አንቺ ደግሞ! ዕቃ ማንሳት እኮ አለበት።»

«ስንት ኪሎ?»

ዝም አሉ። ካርቶኑን መዝነውት አያውቁም።

ነገሩ ሁሌ እንዲህ ነው። «ወንድ» ካለው ሰው ጋር ትንሽ ስታወሩ ሌላ ምክንያት ይወጣል። ሥራው ማታ ነው። ከባድ ነው። ፊልድ አለው። ሞተር መንዳት ይጠይቃል። እኮ፣ መስፈርቱ እሱ ነው! እሱን እንዳንጽፍ ስንፍና ይይዘንና ጾታ እንጽፋለን። ኪሳራውም በሁለት በኩል ነው። ሥራውን የምትችለው ሴት ማስታወቂያውን አይታ ታልፋለች፤ የማይችለው ወንድ ደግሞ ፋይሉን ይዞ ይመጣል።

እኚህ ነጋዴ መጀመሪያ የቀጠሩት ልጅ የወገብ ሕመም ነበረበት። ያወቁት ሥራ ከጀመረ በኋላ ነው። ልጁ አልዋሸም። ማስታወቂያው ወንድ ይላል፣ እሱም ወንድ ነው። ስለ ክብደት የጠየቀው የለም። ለሁለተኛው ማስታወቂያ ካርቶኑ ተመዘነና እንዲህ ተጻፈ፦ «እስከ 25 ኪሎ የሚመዝን ካርቶን በቀን ውስጥ ደጋግሞ ማንሳትና መደርደርን ይጠይቃል።» ሴቶችም መጡ። ምን ይገርማል? አንድ ባለ 25 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ ውሃው ብቻ 25 ኪሎ ነው። ያንን አዝላ ዳገት እየወጣች ያደገችን ልጅ በካርቶን ልታስፈራሯት ነው? የሚጠራጠር ቀጣሪ ካለ ደግሞ መላ አለው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እስከ 60 የሥራ ቀናት የሙከራ ጊዜ ይፈቅዳል። መጠርጠሩን ትታችሁ ሥራው ላይ እዩዋት። እሱንም እዩት።

ወደ «ማታ ነው» ልሂድ። ብዙ ቀጣሪ ሕጉ ሴትን ማታ ማሠራት የሚከለክል ይመስለዋል። አይከለክልም። ይኸው አዋጅ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳትመደብ የሚለው ነፍሰ ጡር ሠራተኛን ነው፤ ትርፍ ሰዓትም አትሠራም። የሌላዋ ጉዳይ ሌላ ነው። ትክክለኛው ጥያቄ መጓጓዣ ነው። ማታ በ4 ሰዓት ኮምቦልቻ ከፈረቃ የወጣ ሰው ያንን ጠመዝማዛ መንገድ በምን ወጥቶ ደሴ ይገባል? የሚቸገረው ሴት ብቻ አይደለም። አንድ የማውቀው ድርጅት ለዚህ ፈረቃ ወንድ ብቻ ሲቀጥር ኖረ። ወንዶቹም ይቀሩ ነበር። ጥቂት ሠርተው ይለቁም ነበር። ሰርቪስ ሲመደብ መቅረቱ ቀነሰ፤ ከዚያ በኋላ «ወንድ» የምትለውን መስመር ለምን እንደጻፏት ለራሳቸውም ጠፋቸው።

ስለዚህ «የሥራ ሰዓት፦ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት፤ እስከ ደሴ የምሽት ሰርቪስ አለ» ብላችሁ ጻፉ። ከሌለም የለም በሉ። አመልካቿ ራሷ ትወስን፤ አባት አላት፣ እናንተ አባት አትሁኑባት።

ፊልድ ከሆነ በወር በግምት ስንት ሌሊት ውጭ እንደሚታደርና አበል መኖሩን ግለጹ። ሞተር ከሆነ «የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ» ይበቃል።

ጾታን ሰርዞ በግሡ መመለስ

ይሄኛው ነቅቻለሁ የሚለውን ሰው ነው የሚጥለው። «ጾታ» የምትለውን መስመር አጥፍቷል፣ ደስ ብሎታል። ግን አማርኛ በነጠላ ሲናገር ወንድ ሴት ሳይለይ አያልፍም።

አንድ የሆቴል ማስታወቂያ ሦስት ክፍት ቦታ ነበረው። ሥራ አስኪያጅ፦ «የ5 ዓመት ልምድ ያለው»። ገንዘብ ያዥ፦ «ታማኝ የሆነች»። ጽዳት፦ «በትጋት የምትሠራ»። ጾታ የሚል ቃል የትም የለም። ግን ማን የት እንደሚቀመጥ አንባቢው ሁሉ ገብቶታል። ይህን ስነግራቸው ደነገጡ። አስበው አልጻፉትም፤ እጃቸው ነው የጻፈው።

ብዙዎች መፍትሔ የሚያደርጉት እዝባርን ነው፦ «ያለው/ያላት፣ የሚችል/የምትችል፣ ፈቃደኛ የሆነ/የሆነች»። ከስህተት ይሻላል፤ አልጣላውም። ግን ሦስተኛው መስመር ላይ ዓይን ይደክማል። አራተኛው ላይ ጸሐፊው ራሱ ይረሳውና ወደ «ያለው» ይመለሳል።

ቀላሉ መንገድ ግሡን ማስቀረት ነው። «የሥራ ልምድ፦ 2 ዓመት»፣ «ትምህርት፦ በአካውንቲንግ ዲፕሎማ»፣ «ችሎታ፦ የፒችትሪ (የሒሳብ ሶፍትዌር) አጠቃቀም» ብላችሁ ዘርዝሩ። ግሥ የግድ ሲሆን ወደ ብዙ ቁጥር ሂዱ፦ «መስፈርቱን የምታሟሉ አመልካቾች ማስረጃችሁን ይዛችሁ ቅረቡ።» «እናንተ» ሲባል ወንድም ሴትም አለበት። የመደቡ ስም ራሱ ብዙ ጊዜ ጣጣ የለውም። ሹፌር፣ አስተናጋጅ፣ ኃላፊ፣ ሒሳብ ሠራተኛ ለሁለቱም ይሆናሉ። ጣጣው ከስሙ ቀጥሎ ያለው ነው። ከመለጠፋችሁ በፊት ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡትና በነጠላ የወጣውን ሁሉ ልቀሙ።

መልክና ፎቶ

«መልከ መልካም፣ ጥሩ ቁመና ያላት፣ ሙሉ ቁመናዋን የሚያሳይ ፎቶ በዚህ ስልክ በቴሌግራም የምትልክ።» ሒሳብ ለመቀበል! ካሸር ናት እኮ!

ይህን የሚጽፍ ሰው ሲገጥመኝ ትዕግሥቴ ያልቃል። በቁመና ብር አይቆጠርም። በዚያ ላይ ስልኩ የማን ነው? የድርጅቱ ነው ወይስ የባለቤቱ የግል ስልክ? ፎቶዎቹን ማን ያያቸዋል? ያልተቀጠሩት ልጆች ፎቶ የት ይቀራል? ሥራ የምትፈልግ ልጅ እንዲህ ያለውን ስታይ የሚመጣባት ጥርጣሬ አለ፤ ጥርጣሬዋም ልክ ነው። «ልላክ ወይ?» ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። አትላኪ እላለሁ። አዋጁ በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳን ይከለክላል፤ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ያወጣ ድርጅት ግን ገና ሥራው ሳይጀመር ስሙን አበላሽቷል።

ለደንበኛ ፊት የሚቆም ሠራተኛ ንጹሕ እንዲሆን ትፈልጋላችሁ? «የደንብ ልብስ ድርጅቱ ያቀርባል» በሉና አቅርቡ። የምትፈልጉት ፍጥነትና ትዕግሥት ከሆነ «ደንበኛን በትዕግሥት ማስተናገድ፣ የቀኑን ሒሳብ ሳያጎድሉ ማስረከብ» ብላችሁ ጻፉ። ወንድም ሴትም ራሱን ይመዝንበታል።

«ያላገባች»

አሁን አሁን በጽሑፍ ይቀንሳል፤ ኢንተርቪው ላይ ግን ይጠየቃል። የቀጣሪው ስሌት ይገባኛል። የወሊድ ፈቃድ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ነው፣ ከነደመወዙ። ለትንሽ ድርጅት ቀላል አይደለም። ቢሆንም አዋጁ ሴት በጾታዋ ምክንያት በማናቸውም ሁኔታ ልዩነት እንዳይደረግባት ይላል። «ያላገባች» ደግሞ ከዚህ ውጭ ሌላ ትርጉም የለውም። የሚገርመኝ ለሹፌር ሲሆን «ያገባ ቢሆን ይመረጣል» መባሉ ነው። ጋብቻ እሱን ያረጋጋዋል፣ እሷን ያስቀራታል ማለት ነው?

ሥጋታችሁ ሠራተኛ ቶሎ ይለቅብናል ከሆነ የውሉን ጊዜ ጻፉ።

«ሴት ብቻ»

ወገንተኝነት ወንዱንም ይመታል። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ከተመረቀ ወዲህ «የስፌት ማሽን ኦፕሬተር» የሚለው መደብ ለኮምቦልቻ ሰው አዲስ አይደለም። እዚህም እዚያም ለስፌት የሚወጡ ማስታወቂያዎች ላይ «ሴት፣ ከ18 እስከ 25» የሚል አያለሁ። ለምን? «የሴት እጅ ቀልጣፋ ነው» ይባላል። እስቲ ደሴ ገበያ ውጡና በረንዳ ላይ የስፌት መኪና ዘርግተው የሚሰፉትን እዩ። አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። ሱሪ ሲያሳጥሩላችሁ እጃቸው አስቸግሯችሁ ያውቃል? ያው መኪና በረንዳ ላይ የወንድ፣ ፋብሪካ ውስጥ የሴት የሚሆንበት ምክንያት ስፌቱ ውስጥ የለም። የላይኑ ሱፐርቫይዘር ሲፈለግ ደግሞ ማስታወቂያው «ያለው» ብሎ ወደ ወንድ ይመለሳል።

አጥብቄ ስጠይቅ የሚመጣው መልስ ሌላ ነው። «ሴቶች አይከራከሩም፣ በተሰጣቸው ይሠራሉ።» እዚህ ላይ «ሴት» የተባለው ስለ ደመወዝ ነው ማለት ነው።

ደመወዝ «በስምምነት»

ቁጥሩን ጻፉ። «በስምምነት» ሲሆን የሚከራከር ብዙ ያገኛል፣ የሚያፍር ያጣል። ለአንድ ሥራ ለሁለት ሰው የተለያየ ደመወዝ ሰጥቶ መገኘትም ከዚያ ይመጣል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ሴት ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ማስታወቂያው ላይ ቁጥር ካለ ጭቅጭቁ ሳይነሳ ይቀራል።

ለሁሉም መደብ ተያዥ መጠየቅ

ገንዘብ ለሚይዝ ሰው ተያዥ ይጠየቅ፣ እሺ። ለጽዳትና ለስፌት ግን ለምን? ከደላንታ ወይም ከቃሉ ገጠር የመጣች ልጅ ከተማ ውስጥ የወር ደመወዝተኛ የት ታውቃለች? ከገጠር የመጣውንም ወንድ ይጎዳዋል። እሱ ግን ሠፈር ውሎ፣ ኳስ ሜዳ ወርዶ፣ ሻይ ቤት ተቀምጦ ሰው ሊያውቅ ይችላል። እሷ ብዙ ጊዜ ያላት አክስቷ ናት፤ አክስቷ ደግሞ ጉሊት ነው የምትሠራው፣ ዋስ መሆን አትችልም። ችሎታ ያላት ልጅ በዚህ ምክንያት ስትመለስ ብዙ አይቻለሁ። ተያዥ ለየትኛው መደብ እንደሆነ ለይታችሁ ጻፉ። ከሌሎቹ አውጡት።

«ሴቶች ይበረታታሉ» ብሎ መጨረስ

ከላይ በዘጠኝ መስመር ዘግቶ በአሥረኛው ማበረታታት አይሆንም። ከምራችሁ ከሆነ አዋጁ ያለውን አስፍሩ፦ እኩል ውጤት ያመጡ ወንድና ሴት ሲወዳደሩ ቅድሚያ ለሴቷ ይሰጣል።

ጾታ የሚጻፍበት ጊዜ

አለ፤ ጥቂት ነው። በር ላይ የሚፈትሽ ሠራተኛ ስትፈልጉ ሴት ገቢዎችን የምትፈትሽ ሴት ያስፈልጋችኋል። እንዲህ ሲሆን ምክንያቱን ከጎኑ አድርጉት፦ «የጥበቃና ፍተሻ ሠራተኛ፣ ብዛት 4፤ ከእነዚህ ውስጥ 2ቱ ሴት ተገልጋዮችን ለመፈተሽ ሴቶች ይሆናሉ።» በቀሩት ሁለት ቦታዎች ላይ ግን ወንድ አትበሉ፤ ማንም ይወዳደርባቸው።