ለቅጠልና ለሥር ጎጃም ስትሄዱ፦ የአጭር ቆይታ መመሪያ

ከከተማ ወጥቶ ሁለት ሦስት ቀን ጫካ አጠገብ ማደር፣ በዕፅዋት መድኃኒት ሰውነትን ማሳረፍ። አሁን አሁን ብዙ ሰው ያወራዋል። ውጭ አገር ይሄ ሲነሳ ቶሎ ትዝ የሚለው አማዞን ወርዶ አያዋስካ ጠጥቶ ራእይ ሲያዩ ማደር ነው። ጎጃም የምትሄዱት ለዚህ አይደለም። ጎጃም የምታገኙት ጤና አዳም የገባበት ቡና፣ የዳማከሴ ሽታ፣ የጦስኝ ሻይ፣ በቅጠል እንፋሎት መታጠን፣ ደህና እንቅልፍ፣ ዕድለኛ ከሆናችሁ ደግሞ ቅጠሉን አንድ በአንድ የሚያሳይ ሰው ነው።

መጀመሪያ ለምን እንደምትሄዱ ለራሳችሁ ቁርጥ አድርጉ። ለማረፍና ለመማር ከሆነ ጥሩ። ታማችሁ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ ተመርመሩ። ሳል ከወር በላይ የቆየበት ሰው፣ ክብደቱ ያለምክንያት የቀነሰ ሰው፣ ጦስኝ ፍለጋ ጮቄ ተራራ መውጣት የለበትም።

ቀጥሎ ቦታ መምረጥ ነው። እኔ ሦስት ቦታ እጠቁማለሁ። ጀማሪ ከሆናችሁ ዘጌ ይቀላል። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። በበሬ የማይታረስ አገር ስለሆነ ደኑ እንዳለ አለ፤ ቡናው ከትልልቅ ዛፎች ሥር ይበቅላል። ገዳማቱን ለመሳለም ካሰባችሁ ግን ሴቶች የማይገቡበት ስላለ ቀድማችሁ ጠይቁ። ሁለተኛው አዊ ነው፤ እንጅባራ አርፎ ዘንገና ሐይቅ ዙሪያውን መራመድ። ሦስተኛው ጮቄ ነው። ከደብረ ማርቆስ በሮብ ገበያ በኩል ይወጣል። ጫፉ 4,000 ሜትር ያልፋል፤ ጅባራው፣ አስታው፣ ከእግር ሥር የሚሸተው ጦስኝ ሌላ ዓለም ነው። ብርዱ ግን ቀልድ አያውቅም። ልብ ወይም ሳንባ የሚያስቸግረው ሰው ጮቄን ይተወው። ጤነኛውም የመጀመሪያውን ቀን ዝም ብሎ ይዋል፤ ከፍታው ራስ ያሳምማል።

ጊዜውስ? ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ቢሆን ይመረጣል። ክረምቱ ጭቃ ነው፤ በጋው ሲገፋ ደግሞ ቅጠሉ ይደርቃል። በጳጉሜ የተማሰ ሥር ይበልጥ ይሠራል የሚሉ አሉ፤ የጳጉሜን ዝናብ ችላችሁ መሄድ የእናንተ ፈንታ ነው። ከምንም በላይ ከመነሳታችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን እዚያው ካለ ሰው በስልክ አረጋግጡ። የባለፈው ሳምንት ወሬ አይበቃም።

አሁን ዋናው ነገር፦ ሰውየው። ወይም ሴትየዋ። ሥር ማሽ ቅጠል በጣሽ ተብሎ በንቀት የሚነገርበት ዘመን አልፏል ባይባልም፣ እውቀቱ ያለው ግን እነሱ ጋ ነው። ጎጃም የቅኔ አገር ስለሆነ ብዙዎቹ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት የመጡ ናቸው። የተማረውን «መርጌታ» ወይም «የኔታ»፣ መነኩሲቷን «እማሆይ»፣ የቤት እመቤቷን «እማማ» ብላችሁ ቅረቡ። ገበያ መሐል ጠርሙስ ደርድሮ ከስኳር እስከ ካንሰር እፈውሳለሁ የሚለውን እለፉት። እኔ የምመርጠው «ይሄን አላውቅም፣ ሐኪም ቤት ሂዱ» ማለት የሚችለውን ነው። ይሄን ለማወቅ ዘዴው ቀላል ነው፤ ከባድ በሽታ ጥቀሱና መልሱን ስሙ።

ብዙ አዋቂ የመድኃኒቱን ስም አይናገርም። ከተነገረ ኃይሉ ይሸሻል ይባላል፤ አባት ለልጁ ብቻ የሚያወርሰውም አለ። ይሄን አክብሩ፤ አትነታረኩ። ከክብሩ ጋር ግን አንድ ሕግ ያዙ፦ ስሙ ያልተነገራችሁን አትጠጡ። ማሽተት ይቻላል፣ መጠጣት ግን አይቻልም። «ሆዴ አይችልም» በሉ፤ ጎጃም ውስጥ በዚህ የሚቀየም የለም።

የሚወሰድ መድኃኒት ያለው ሰው ከመነሳቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር። ቅጠል ነው ምን ያደርጋል አይባልም። አብሽ የደም ስኳር ያወርዳል፤ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ላይ ሲደረብ ሊጥለው ይችላል። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ነጭ ሽንኩርት በብዛት ቢውጥ መድማት ይመጣል። ቅድም ያነሳሁት አያዋስካ እንኳ ከአንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች ጋር ሲገናኝ ለሕይወት ያሰጋል። ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ጤና አዳም ማኅፀን ስለሚያኮማትር በቡናም ቢሆን ይቅርባት።

ሻንጣ ላይ ብዙ አልልም። ጋቢ፣ የማያንሸራትት ጫማ፣ የእጅ ባትሪ፣ የራሳችሁ መድኃኒት፣ የወረቀት ከረጢት፣ እርሳስ። ሽቶ ተዉት፤ ቅጠል ለማሽተት ሄዳችሁ ራሳችሁን እያሸተታችሁ አትመለሱ።

ቆይታው ራሱ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው። በደረሳችሁበት ቀን ምንም አትውሰዱ። እራት ብሉና ተኙ። ጾም ከሆነ ወተትና ሥጋ አትጠይቁ። በማግሥቱ ጠዋት ጠል ሳይረግፍ ከአዋቂው ጋር ውጡ። ቅጠሉን በጣታችሁ እሹት፣ አሽትቱት፣ ለምን እንደሚሆን ጠይቁ፣ ጻፉ። ዳማከሴ ለምች ነው፣ ግራዋ ይመራል፣ ወይራ ለጢስ ይሆናል። ጤና አዳም ስታሹ ግን ተጠንቀቁ፤ ጭማቂው ቆዳ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ከመታው ውሃ ቋጥሮ ያቆስላል፣ እጃችሁን ታጠቡ።

ከሰዓት በኋላ እንፋሎት። ባሕር ዛፍና ዳማከሴ በድስት ይፈላል፣ ድስቱ ከእሳት ይወርዳል፣ ከዚያ ጋቢ ተከናንቦ መታጠን ነው። ድስቱ ከእሳት ይወርዳል ያልኩት ያለነገር አይደለም፤ በተዘጋ ቤት ከሰል አቀጣጥሎ መታጠን ሰው ይገድላል። አሥር ደቂቃ ይበቃል። ላብ ሲመጣ ውሃ ጠጡ። ማታ ጦስኝ ሻይ በማር። አረቄ ይቅር፤ ይቀርብላችኋል፣ ግን ይቅር።

እምቢ የምትሉት ነገር ሦስት ነው። አንደኛው ኮሶ። አባቶቻችን በየሁለት ወሩ ይጠጡት ነበር፤ ጥሬ ሥጋ ወዳጅ አገር ምን ያድርግ! ሲበዛ ግን ዓይን እስከማጥፋት ይደርሳል። ዛሬ ለኮሶ ትል ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ አለ። ሁለተኛው እንዶድ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያወቁበት ተክል ነው፤ ለልብስ ማጠቢያ ድንቅ ነው፣ ለሆድ ግን መርዝ ነው።

ሦስተኛው አብሾ ነው፤ እዚህ ላይ ጠበቅ እላለሁ። ቅኔ ቤት አካባቢ አእምሮ ይከፍታል ተብሎ ስሙ ይነሳል፣ ወጣቱም «እስቲ ልሞክረው» ይላል። ውስጡ አለ የሚባለው አስተናግር ወይም አጤ ፋሪስ የሚሉት ተክል ነው። አትሮፒንና ስኮፖላሚን አለበት። አፍ ይደርቃል፣ ብሌን ይሰፋል፣ ልብ ይሮጣል፣ ሰውነት ይግላል፣ ሰውየው ከሌለ ሰው ጋር ያወራል፣ በኋላም አያስታውስም። የሚሞትም አለ። የመርዙ መጠን ከተክል ተክል ስለሚለያይ ልክ የሚባል ነገር የለውም። ጎጃሜ ግብጦን እንኳ ቀቅሎ፣ ቀናት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ፣ ምሬቱን ሳያወጣ አይበላም። አስተናግርን የሚያወጣለት ዝፍዘፋ የለም።

አንድ ሰው ትውከት ካልቆመለት፣ ዓይኑ ከፈዘዘ ወይም ከቀባዠረ «ያልፍለታል» አትበሉ። ወተትም አትጋቱት። የጠጣውን ቀሪ ወይም የተክሉን ቅንጣቢ ይዛችሁ ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂዱ። ለዚህም ነው ከመድረሳችሁ ጤና ጣቢያው የት እንደሆነ መጠየቅ ያለባችሁ።

ክፍያ ላይ ዋጋ የማይጠሩ ብዙ ናቸው። «እንደ ፈቃዳችሁ» ሲሏችሁ ቢያንስ አንድ የቀን ሠራተኛ በአካባቢው የሚያገኘውን ስጡ፤ ቡናና ስኳርም ይዛችሁ ግቡ።

ወደ ቤት ስትመለሱ ጦስኝና ዳማከሴ ቆርጣችሁ መያዝ ትችላላችሁ፤ ከነሥሩ ግን አትንቀሉ። ጥላ ውስጥ አድርቁት፣ ስሙንና ቀኑን ጻፉበት፣ በወረቀት ከረጢት አስቀምጡት። በፌስታል ከቋጠራችሁት ይሻግታል።