የሚያወራው ስፒከር ወሎ ቤት ሲገባ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች

ከውጭ የሚመጣ ሻንጣ ሲከፈት ድሮ የምንጠብቀው ሽቶና ጫማ ነበር። አሁን አሁን በጨርቅ የተሸፈነ፣ ከሻይ ኩባያ ብዙም የማይበልጥ ክብ ስፒከርም ይወጣል። አማዞን የመጀመሪያውን ኤኮ ያወጣው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። ጎግል በ2016፣ አፕል በ2018 ተከተሉት። ስማቸውን ስትጠሩ ይነቃሉ፤ ዘፈን ክፈት፣ ሰዓት ሙላ፣ መብራት አጥፋ ስትሏቸው ይታዘዛሉ።

ደሴም፣ ኮምቦልቻም፣ ወልዲያም የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ ለኛ ቤት ይጠቅማል ወይ? ይጠቅማል እላለሁ። ግን ለሁሉም ቤት አይደለም፤ የሚጠቅመውም ማስታወቂያው ላይ በምታዩት መንገድ አይደለም። ዕቃው ደህና ሆኖ ሳለ ቡፌ ላይ አቧራ ለብሶ የሚቀረው፣ አንዳንዴም የሚቃጠለው፣ በተደጋጋሚ በሚሠሩ ስህተቶች ነው።

አማርኛ ይሰማል ብሎ መጠበቅ

ዋናው ስህተት ይሄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልሂድበት። ስፒከሮቹ ውስጥ ሆነው የሚታዘዙት፣ የአማዞኑ አሌክሳም፣ የጎግል አሲስታንትም፣ የአፕሉ ሲሪም አማርኛ አይሰሙም። ሰውን ግራ የሚያጋባው ስልኩ ነው። የጎግል ኪቦርድ አማርኛ በድምፅ ሲነግሩት ይጽፋል፤ ይሄ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነገር ነው። ስልኩ የሰማኝ ስፒከሩ እንዴት አይሰማኝም ይባላል። የሰሙትን ወደ ጽሑፍ መቀየርና የታዘዙትን ተረድቶ መሥራት ግን ለየብቻ ናቸው። ሁለተኛው እነዚህ ስፒከሮች ላይ በአማርኛ ገና አልመጣም።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ቤት ውስጥ ማን ነው የሚያናግረው ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ዕቃው የሚላከው ለእናት ነው። እማዬ ምጣድ ላይ ሆና፣ እጇ ሊጥ ነክቶ፣ በአፏ ብቻ ሬዲዮ ትከፍታለች ተብሎ ይታሰባል። ሐሳቡ የፍቅር ነው። እማዬ እንግሊዝኛ ካልቻለች ግን በየመሐሉ ልጅ መጣራት ይመጣል። ልጁ ትምህርት ቤት ሲሄድ ስፒከሩም ዝም ይላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው አንድ መላ አለ። ወሎ ውስጥ ሳዑዲና ዱባይ ዓመታት ሠርተው የተመለሱ እህቶች ብዙ ናቸው። አሌክሳ ደግሞ ከ2021 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ አረብኛ ይችላል፤ ያውም የተዘጋጀው በባሕረ ሰላጤው አነጋገር ነው። እዚያ የኖረች ሴት ያለ ማንም እርዳታ ልታዘው ትችላለች። ስልክ ላይ ባለው የአሌክሳ አፕ ገብታችሁ ቋንቋውን መቀየር ነው። ቤት ውስጥ አረብኛ የምትችል እህት እያለች ዕቃውን በእንግሊዝኛ ብቻ ትቶ «አይሠራም» ማለት ያሳዝነኛል።

የዘፈን ነገርም አለ። በእንግሊዝኛው ትእዛዝ መሐል «አምባሰል» ወይም «ባቲ» ብትሉት፣ የሚያውቀው ቃል እየመሰለው ሰምታችሁት የማታውቁትን ዘፈን ይከፍትላችኋል። መንዙማም እንደዚያው ነው። ቀላሉ መንገድ ስፒከሩን በብሉቱዝ ከስልክ ጋር ማገናኘት ነው። የሚከፈተውን ከስልክ ምረጡ፤ በአፋችሁ የምታዙት ጨምር፣ ቀንስ፣ አቁም ብቻ ይሁን። ፕሌይሊስት የምትሠሩ ከሆነም አጭር የእንግሊዝኛ ስም ስጡት። «ሆም ዋን» ብላችሁ ብትሰይሙት፣ ውስጡ ያለው ሁሉ አምባሰል ቢሆንም ስትጠሩት ይከፍተዋል።

ቮልት ሳያዩ ሶኬት ላይ መሰካት

የኛ መብራት 220 ቮልት ነው። የአሜሪካ 120 ነው። ከአሜሪካ የመጣ ማንኛውም ዕቃ ከመሰካቱ በፊት ቻርጀሩ ላይ በደቃቁ የተጻፈውን አንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ አብሽሩ፤ የሚያስፈልጋችሁ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ነው። የስፒከሮቹ ቻርጀር ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው። ከዱባይና ከሳዑዲ የመጣውም በቮልት አያስቸግርም፤ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ስላለው መቀየሪያ ይፈልጋል እንጂ።

የምፈራው አብረው የሚላኩትን፣ በድምፅ ወይም በስልክ የሚታዘዙትን ስማርት ሶኬትና ስማርት አምፖል ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት በአብዛኛው ከ120 ቮልት በላይ አይችሉም። እኛ ጋ ሲሰኩ ወዲያው ሊቃጠሉ ይችላሉ፤ ይባስ ብሎ ቀስ እያሉ ግለው እሳት ሊያስነሱ ይችላሉ። መቀየሪያ ማድረግ የእግሩን ቅርጽ ይለውጣል እንጂ ቮልቱን አይቀንስም።

ለ220 የተሠራ ቢሆንም እንኳ ምጣድ እንዳትሰኩበት። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,000 ዋትና ከዚያ በላይ ይስባል። 10 አምፔር የተጻፈበት ስማርት ሶኬት ደግሞ በ220 ቮልት የሚችለው 2,200 ዋት ነው። እንጀራ ጋገራ አንድ ሁለት አይባልም፤ ረጅም ሰዓት ነው። ያን ሁሉ ሰዓት ሶኬቱ ከአቅሙ በላይ ሲሸከም ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ስማርት ሶኬት ለመብራት፣ ለቴሌቪዥን፣ ለስልክ ቻርጀር ይሁን። ምጣዱን በራሱ መስመር ተዉት።

መብራትና ኔትወርክ ሁልጊዜ አለ ብሎ ማሰብ

አብዛኞቹ ስፒከሮች ባትሪ የላቸውም። መብራት ሲሄድ አብረው ይሄዳሉ። ፓወር ባንክ አለኝ የምትሉ፣ አሮጌዎቹ ኤኮ ዶትና ጎግል ሆም ሚኒ በተራ የስልክ ገመድ፣ በ5 ቮልት ይሠሩ ነበር። ኋላ የመጡት ግን ስፒከሩ ላይ የሚሰካው ጫፉ ክብ የሆነ የራሳቸው ቻርጀር አላቸው፤ የሚፈልጉትም ከ5 ቮልት በላይ ነው። ተራ ፓወር ባንክ አያነሳቸውም። ቢያነሳም ራውተሩ ጠፍቶ ስፒከሩ ብቻውን የምታዙትን አይፈጽምም። የምትናገሩት ነገር በኢንተርኔት ሄዶ ኩባንያው ኮምፒውተር ላይ ነው የሚተረጎመው።

ኢንተርኔቱን ከስልክ ሆትስፖት የምትሰጡት ከሆነ ፓኬጁን አስሉ። በደህና ጥራት አንድ ሰዓት ሙዚቃ ማዳመጥ ወደ 115 ሜጋባይት ይበላል። ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ የሚውል ቤት የወር ፓኬጁን በጥቂት ቀን ይጨርሳል። ያልተገደበ የቤት ዋይፋይ ያለው ሰው ይሄ አያሳስበውም።

መብራቱ ተመልሶ ሲመጣም ጣጣ አለ። ብዙ ስማርት አምፖሎች መብራት ሄዶ ሲመለስ በሙሉ ድምቀት እንዲበሩ ተደርገው ነው ከፋብሪካ የሚወጡት። ሌሊት 9 ሰዓት መብራት ሲመጣ የልጆቹ ክፍል ቦግ ይላል። የአምፖሉ አፕ ውስጥ ገብታችሁ «ከመብራት መቋረጥ በኋላ» የሚለውን ወደ «ጠፍቶ ይቆይ» ቀይሩት።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ የባትሪ ሬዲዮውን አትጣሉ። ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ መብራትም ስልክም እንዴት እንደጠፋ ሁላችንም እናውቃለን። እንዲህ ያለ ጊዜ ዜና የሚያሰማው ሬዲዮው ነው።

የላኪውን አድራሻና ሰዓት እንዳለ መተው

እህት አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆና ዕቃውን በራሷ አካውንት አዘጋጅታ ትልካለች። ደሴ ሲሰካ ይሠራል። ግን አድራሻው አሁንም እዚያው ነው። የአየር ሁኔታ ስትጠይቁት የሜሪላንድን በረዶ ይነግራችኋል። ሰዓቱም እንደ ወቅቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል።

ይሄ ቀልድ የማይሆነው አዛን ላይ ነው። የሶላት ሰዓት ሲደርስ አዛን የሚያሰሙ አገልግሎቶች እነዚህ ስፒከሮች ላይ አሉ፤ ለአንድ አዛውንት ትልቅ ስጦታ ነው። ሰዓቱን የሚያሰሉት ግን አፑ ላይ ከተመዘገበው ቦታ ተነስተው ነው። ቦታው ሳይስተካከል በረመዳን ቢታመን የመግሪብን ሰዓት ሊያሳስት ይችላል። መጀመሪያ አድራሻውንና የሰዓት ክልሉን ቀይሩ፤ ከዚያ ለጥቂት ቀናት ከሰፈራችሁ መስጂድ አዛን ጋር አስተያዩት።

የኛ ሰዓት አቆጣጠርም አለ። ለሱሁር ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ለመነሳት በእንግሊዝኛ «ፎር ኤ ኤም» ነው የምትሉት። «ቴን» ካላችሁት ጠዋት 4 ሰዓት ወይም ማታ 4 ሰዓት ላይ ነው የሚጮኸው። ቤት ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ ይሄንን አስረዱ። መብራት ከሄደ ስለማይጮህም ለሱሁርና ለፈተና ቀን የስልክ አላርም አብራችሁ ሙሉ። ክርስቲያኑም ገናን ሲጠይቀው ዲሴምበር 25 እንደሚለው ይወቅ፤ የበዓልና የጾም ቀን ከኛው ካሌንደር ይታይ።

አካውንቱ የላኪዋ ሆኖ መቅረቱ የገንዘብም ጉዳይ ነው። የባንክ ካርዷ ከአካውንቱ ጋር የተያያዘ ከሆነ ደሴ ያለ ሕፃን በአፉ ዕቃ ሊያዝባት ይችላል። በ2017 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ዳላስ ውስጥ አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ አሌክሳን የአሻንጉሊት ቤት ጠይቃ ታዞ ቤቷ ድረስ መጥቷል። በድምፅ መግዛትን ዝጉት፤ ወይም ዕቃውን ከእሷ አካውንት አስወጥታችሁ በራሳችሁ መዝግቡት።

ቡና ላይ ማይኩን ክፍት መተው

ከአቦል እስከ በረካ ስንት ነገር እንደሚወራ ታውቃላችሁ። የጎረቤት ጭንቅ፣ የትዳር ነገር፣ የታመመ ሰው ጉዳይ። ስፒከሩ ስሙን እስኪሰማ ድረስ ወደ ኩባንያው ምንም አይልክም ይባላል፤ የተሠራውም እንዲያ ነው። ችግሩ ስሙን ሳትጠሩት የተጠራ የሚመስለው ጊዜ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ፖርትላንድ ከተማ፣ አንድ ኤኮ የባልና ሚስትን ወሬ ቀድቶ ለሚያውቁት ሰው ልኮታል። በ2019 ደግሞ የአማዞን፣ የጎግልና የአፕል ሠራተኞች አንዳንድ ቅጂዎችን እንደሚያዳምጡ በይፋ ታወቀ። በ2023 አማዞን የልጆችን የድምፅ ቅጂ ይዞ በማቆየቱ ለአሜሪካ መንግሥት 25 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ከማርች 2025 ወዲህ ደግሞ ድምፄ ወደ ኩባንያው አይሂድ የሚለው የኤኮ ምርጫ ተነስቷል።

እኛ ቤት ደግሞ የራሱ የሆነ ምክንያት አለ። ስንቱ ቤት ነው አለማየሁን «አሌክስ» ብሎ የሚጠራው! በተጠራ ቁጥር ስፒከሩ ሊነቃ ይችላል። የመጥሪያ ስሙን ከአፑ ወደ «ኤኮ» ወይም «ኮምፒውተር» ቀይሩት።

ጎረቤት ለቡና ሲሰበሰብ ማይኩን ዝጉ። ኤኮ ላይ ቁልፉን ስትጫኑ ቀይ መብራት ይበራል፤ ቀዩ እስካለ አይሰማም። እንግዳ ቤታችሁ ሲቀመጥ የሚሰማ ዕቃ እንዳለ መንገር ደግሞ ጨዋነት ነው። «ድሮፕ ኢን» የሚባለውንም እዩት። ፈቃድ ያለው ሰው ሲደውል ማንም ሳያነሳው መስመሩ ይከፈታል። ለታመመች እናት ሊጠቅም ይችላል፤ እሷ ሳታውቅ ከተከፈተ ግን ልክ አይደለም።

ያገኙት ቦታ ላይ ማስቀመጥ

ምጣድ ቤት እንፋሎቱና ጭሱ ያበላሸዋል። ቴሌቪዥን አጠገብ ከሆነ የፊልሙን ንግግር ትእዛዝ ያደርገዋል። መስኮት ዳር ከሆነ መንገደኛም ሊያዘው ይችላል። በክረምት፣ የደሴ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ብትጮኹም አይሰማችሁም፤ ኮርኒስ ያለበት ክፍል ይሻላል።

በስልክ ሳይሞክሩ መግዛት

የአፕሉን ሆምፖድ የምታስቡ፣ አይፎን ወይም አይፓድ ከሌላችሁ ተዉት። ያለነሱ አይነሳም፤ ከአንድሮይድ ስልክም በብሉቱዝ ሙዚቃ አይቀበልም።

ለሌሎቹ ግን መሞከሪያው ኪሳችሁ ውስጥ ነው። የአሌክሳ አፕ ስልክ ላይ አለ፤ የጎግሉም እንደዚያው። ለአንድ ሳምንት ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ በድምፅ ብቻ እዘዙት። የምታዙት ነገር ካጣችሁ ስፒከሩም ያንን አይጨምርላችሁም፤ ደህና የብሉቱዝ ስፒከር በባትሪ ስለሚሠራ ይሻላችኋል። የሚጠቀምበት ሰው ከተገኘ ግዙ። ከአልጋ መነሳት የማይችል ሰው፣ ማየት የተሳነው ሰው፣ እንግሊዝኛ ወይም አረብኛ ካወቀ፣ ሰዓቱን ለመጠየቅና ሬዲዮ ለመክፈት የማንንም እጅ አይጠብቅም። እንግሊዝኛ የሚለማመድ ተማሪም የቃል አነባበብ ሲጠይቀው ሳይሰለች ይደግምለታል። ከእነዚህ አንዱ ቤታችሁ ካለ ወጪው አይቆጭም።