የሁለታችንም መንገድ የሚመችበትን ሰፈር እንዴት አገኘነው

እኔ በባቡር፣ ባለቤቴ በመኪና ነው ሥራ የምንሄደው፤ አቅጣጫችን ለየቅል ነው። ሰፈር መምረጥ ሳምንታት ፈጀብን።

መጀመሪያ ካርታ ላይ መሃሉን ፈለግን። አልሆነም፤ ለእሷ ቅርብ ነው፣ እኔን ግን ሁለቴ ባቡር ያስቀይረኛል። ቀጥሎ የሁለታችንን ደቂቃ ደመርን። እሱም አሳሳተን። 20 እና 80 ሲደመር ከ50 እና 50 ጋር እኩል ነው፤ ኑሮው ግን አይገናኝም።

የሠራው ይሄ ነው፦ ጉግል ማፕ ላይ የሥራ ቀን መርጠን፣ ጠዋት የምንደርስበትንና ማታ የምንወጣበትን ሰዓት ሞላን። ካርታው ለመኪና ከ30 እስከ 50 ደቂቃ ይፈጃል ካለን 50ውን ያዝን። ከዚያ አንዳችንን እንኳ ከ50 ደቂቃ በላይ የሚወስደውን ሰፈር ሁሉ ሰረዝን። ሦስት ቀሩ። ማክሰኞ ጠዋትም ማታም ሄደን ሞከርናቸው። አንዱ ከጣቢያው የሚያስገባው የእግር መንገድ ድቅድቅ ጨለማ ስለነበር ተውነው።