ሰዓት ያነባል፣ ግን አንድ ሰዓት ይቀድማል

ባሕር ዳር ውስጥ ቤት ለቤት እየዞርኩ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጆችን አስጠናለሁ። ሰዓት ማንበብ ላይ የሚገጥመኝ ብልሽት ከቤት ቤት ብዙም አይለያይም። ይህ ጽሑፍ በአምስት አምስት እየዘለለ እስከ 60 ለሚቆጥር ልጅ ነው። ያን የማይችል ልጅ ገና ቁጥር ይማር።

እስከ ተኩል ልክ ነው፣ ከተኩል በኋላ ይሳሳታል

2፡10ን እና 2፡20ን በትክክል ያነባል። 2፡50 ሲሆን «ሦስት ሰዓት ከሃምሳ» ይላል። ደጋግሜ የምጠራው ለዚህ ነው።

ልጁ «አጭሩ ቆጣሪ ሦስት ላይ ከሆነ ሦስት ሰዓት ነው» ተብሏል። በ2፡50 አጭሩ ቆጣሪ ሦስትን ሊነካ ምንም አልቀረውም፤ ስለዚህ የቅርቡን ቁጥር ያነሳል። የተነገረውን ነው የፈጸመው። እባካችሁ አትቆጡት።

ሽምብጥ አካባቢ አንድ አባት የሌሊት ጥበቃ ሠራተኛ ነው፤ ቀን ይተኛል። የሰባት ዓመት ልጁን «ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ቀስቅሰኝ» ይለዋል። ልጁ 10፡45 ላይ ቀሰቀሰው፤ አጭሩ አሥራ አንድ ሥር፣ ረጅሙ ዘጠኝ ላይ ነበሩና። አባት ካፖርቱን ደርቦ፣ ግማሽ እንቅልፉን ተሸክሞ ከሥራ ቦታው ደረሰ። ተረኛው ጓደኛው እስኪበቃው ሳቀበት። በማግስቱ ስሄድ ልጁ ሰዓት የሚባል ነገር ማየት አይፈልግም። ደብተሩን ገለጥኩት፤ ጥያቄዎቹ በሙሉ ሙሉ ሰዓትና ተኩል ብቻ ናቸው፣ ሁሉንም አግኝቷል። ከተኩል ወዲያ ያለውን ማንም አልጠየቀውም።

ካርቶን ቆርጠው ሰዓት የሚሠሩ ወላጆችም ይህን ያባብሳሉ። የካርቶኑ ቆጣሪዎች ለየብቻ ስለሚዞሩ ረጅሙ ሲሄድ አጭሩ ተገትሮ ይቀራል። እውነተኛው ሰዓት እንዲህ አይደለም፤ ረጅሙ አንድ ዙር እስኪጨርስ አጭሩ ከአንዱ ቁጥር ወደሚቀጥለው ቀስ እያለ ይሳባል። ልጁ ይህን መሳብ ካላየ ምንም አላየም።

መፍትሄው ረጅሙን ቆጣሪ መንቀል ነው። አሮጌ የግድግዳ ሰዓት ፈልጉ፣ ባትሪውን አውጡ፣ መስታወቱን ክፈቱ። መጀመሪያ የሴኮንዱን፣ ቀጥሎ የደቂቃውን ቆጣሪ ቀጥታ ወደ ላይ ሳቡ፤ ትንሽ ዳዶ ካለው ፍቱት። አታጣሙ! ባትሪውን መልሳችሁ ስቀሉት። ለአንድ ሳምንት ልጁ በአጭሩ ብቻ ያንብብ። «ስንት ሰዓት ነው?» አትበሉት፤ «የትኛውን ቁጥር አልፏል? የትኛው ጋ ገና አልደረሰም?» በሉት።

እኔ የምጠቀመው ጀልባ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ የሚሄድ ጀልባ የዘጌ ዛፎች ፊቱ ቢደቀኑም ወደቡን እስኪነካ ድረስ ገና ሐይቁ ላይ ነው። አጭሩ ቆጣሪም ሦስትን እስኪነካ ድረስ ገና ሁለት ሰዓት ውስጥ ነው። እዚህ ያደገ ልጅ ይህን ሁለት ጊዜ መናገር አያስፈልገውም። ከሳምንት በኋላ ረጅሙን መልሱ።

ልጁ ልክ ነው፣ ሰዓቱ ነው የሚዋሸው

ርካሽ የግድግዳ ሰዓት ከመግዛታችሁ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ ከኋላ ያለውን ማዞሪያ አዙራችሁ ረጅሙን 12 ላይ አድርሱ። አጭሩ በትክክል ቁጥር ላይ ካላረፈ መልሱለት። አንዲት ልጅ እናቷ ከገበያ ያመጣችው ሰዓት አጭር ቆጣሪ በግማሽ ቁጥር ወደኋላ የቀረ ነበር፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ «አትረባም» እየተባለች አለቀሰች። ረጅሙ 12 ላይ ሆኖ አጭሩ በሁለትና በሦስት መካከል የሚቆምበት ሰዓት ማን ያነባል? ከገዛችሁ በኋላ ከሆነ ሁሉንም ቆጣሪዎች ንቀሉና አጭሩንም ረጅሙንም 12 ላይ አድርጋችሁ መልሳችሁ ተጫኑ። ቆጣሪውን በጣት እየገፉ ሰዓት መሙላትም ይቅር፤ ብዙ ሰዓት የሚዛባው እንዲህ ነው።

«ሩቡ ምን ጉዳይ አለው?»

ይህን በእውነት ተጠይቄያለሁ። ልጁ «ጉዳይ» ሲባል የሚያውቀው አባቱ ወደ ቀበሌ የሚሄድበትን ነው። ለጥቂት ቀን «ሦስት ሊሞላ ሩብ ይቀረዋል» በሉት፤ ከዚያ ወደ «ለሦስት ሩብ ጉዳይ» አሳጥሩ።

ጠዋት ቁርስ ላይ «ስምንት ሰዓት ሆኗል» ይላል

ስልክ አይቶ ነው። ስልኩ ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ይቆጥራል፤ እኛ ከንጋት። ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው። መደመርና መቀነስ አታስተምሩት፣ ይምታታበታል። የግድግዳውን ሰዓት አሳዩትና ከስምንት በመሃል አድርጎ ቀጥታ ትይዩ ያለውን ቁጥር ይፈልግ፤ ሁለት ነው። ከሰባት ትይዩ አንድ፣ ከአሥራ ሁለት ትይዩ ስድስት። ደቂቃው አይነካም። ይህን ግን የግድግዳውን ሰዓት ሳይሳሳት እስኪያነብ ድረስ አታንሱበት። ሁለቱን በአንድ ሳምንት ያስተማሩ ወላጆች ልጅ ሁለቱንም አጥቶ አግኝቼዋለሁ።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ቁጥሩን ወደ ግራ የሚቆጥር ልጅ፦ ጣቱን ይዛችሁ ከሴኮንድ ቆጣሪው ጋር አዙሩት። የሮማ ቁጥር ያለበት ሰዓት፦ ሳሎን ይቀመጥ፣ ለማስተማሪያ አይሆንም። ሰባት ሰዓት የቀን ይሁን የሌሊት የማይለይ፦ «ከቀኑ» ወይም «ከሌሊቱ» ሳይል መልሱን አትቀበሉ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ብልጭ ድርግም የሚል የቁጥር ሰዓት፦ ወይ አስተካክሉት ወይ ከሶኬቱ ንቀሉት፤ ልጁ ቀኑን ሙሉ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው ይላችኋል።