በዘፈቀደ ፍለጋ የተገኘ የሳይዝሚክ ፍጥነት አልጥም ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ሳይዝሚክ ሞገድ በመሬት ንጣፎች ውስጥ የሚሄድበትን ፍጥነት ከጋዘር (ጎን ለጎን ከተደረደሩ የሞገድ ቅጂዎች፣ ማለትም ከትሬሶች ስብስብ) ላይ በዓይን እያዩ መልቀም አሰልቺ ነው። ስለዚህ ሥራውን ሲሙሌትድ አኒሊንግ ወይም ጄኔቲክ አልጎሪዝም ለሚባሉ የዘፈቀደ ፍለጋ ዘዴዎች እንተወዋለን። ፕሮግራሙ ፍጥነቶችን በዘፈቀደ እያወጣ ይሞክራል፤ ከፍ ያለ ሴምብላንስ የሰጠውን ይይዛል። ሴምብላንስ ከ0 እስከ 1 ያለ ቁጥር ነው፤ ትሬሶቹ በተገመተው ፍጥነት ሲታረሙ ምን ያህል እንደተገጣጠሙ ይናገራል። ውጤቱ ግራ ሲያጋባ ብዙ ሰው አልጎሪዝም ለመቀየር ይሮጣል። እኔ መጀመሪያ የማየው ፕሮግራሙ ምን እንዲፈልግ እንደታዘዘ ነው።

ባስኬዱት ቁጥር ሌላ መልስ ይሰጣል

ሲዱን (የዘፈቀደ ቁጥሮቹን መነሻ) ብቻ እየቀያየራችሁ ደጋግማችሁ አስኪዱት። ከዚያ የመጨረሻዎቹን ሴምብላንሶች አወዳድሩ።

ሴምብላንሱም ፍጥነቱም ከተለያየ ፍለጋው መንገድ ላይ ቀርቷል። አኒሊንግ ከሆነ መጀመሪያ ሙቀቱን ጠርጥሩ። ሙቀት የሚባለው ቁጥር የባሰ መልስ ምን ያህል ጊዜ ተቀባይነት አግኝቶ እንደሚያልፍ ይወስናል። ከሌላ ኮድ የተገለበጠ 100 ሙቀት እዚህ ጉድ ይሠራል፦ ሴምብላንሱን በ0.05 ከሚያወርዱ 1000 ሙከራዎች 999 ያህሉ ያልፋሉ። ይሄ ፍለጋ ሳይሆን ዝም ብሎ መዞር ነው። በ0.05 ሙቀት ግን የሚያልፈው 37 በመቶ ገደማ ነው። እዚያ አካባቢ ጀምሩና ቀስ ብላችሁ አቀዝቅዙ።

ሴምብላንሱ እኩል ሆኖ ፍጥነቱ ከተለያየስ? ያኔ ዳታው ራሱ አይለይም። ለጥልቁ ንጣፍ ከምንጩ እስከ መቀበያው ያለው ርቀት አጥሮ ይሆናል። ኮምፒውተሩን ሌሊቱን ሙሉ ብታስለፉት ትርፍ የለውም፤ የመልሶቹን ልዩነት እንደ ስህተት መጠን መዝግቡት።

የባህር ዳታ ላይ፣ ጥልቁም ጋ ፍጥነቱ 1500 አካባቢ ይቀራል

1500 ሜትር በሰከንድ የውሃ ፍጥነት ነው። ፕሮግራሙ የያዘው በባህሩ ወለልና በውሃው ገጽ መካከል የተመላለሰውን ሞገድ፣ ማልቲፕሉን ነው። መጀመሪያ ማልቲፕሉን አጥፉ፤ የፍለጋውንም የታች ወሰን ከጊዜው ጋር ከፍ እያደረጋችሁ ሂዱ።

የንጣፍ ፍጥነቱ ይዘላል፣ ወይም ካሬው ኔጌቲቭ ይወጣል

የንጣፍ ፍጥነትን ከአርኤምኤስ ፍጥነት (እስከዚያ ጊዜ ካሉት ንጣፎች ሁሉ ከተወሰደው አማካይ) የሚያወጣው የዲክስ ቀመር ተቀራራቢ ጊዜዎችን አይወድም። በ1.0 ሰከንድ የአርኤምኤስ ፍጥነቱ 2000፣ በ1.1 ሰከንድ 2200 ቢሆን፣ በመሃል ያለው ንጣፍ 3639 ይሆናል። 2200ውን 2250 አድርጉት፣ 3961 ይደርሳል። 1900 ካላችሁ ደግሞ ከካሬ ሥሩ ውስጥ ኔጌቲቭ ቁጥር ይመጣል። መፍትሄው ፍለጋውን መገልበጥ ነው፦ የንጣፍ ፍጥነቶችን በዘፈቀደ አውጡ፣ አርኤምኤሱን ከእነሱ አስሉ። የማይሆን ንጣፍ ከመጀመሪያውም አይታሰብም።

ፍለጋው አያልቅም

10 ንጣፍ፣ ለእያንዳንዱ 20 አማራጭ ፍጥነት፦ ከ10 ትሪሊዮን በላይ ጥምረት። ንጣፍ ቀንሱ፣ ወይም ከላይ ወደ ታች በየተራ ፍቱ።

ማርሙሲ ላይ ከሸፈ

ማርሙሲ በአንጎላው ኩዋንዛ ተፋሰስ መነሻነት የተሠራ፣ ስብርብሩ የበዛ ሞዴል ነው። ሴምብላንስ ደግሞ ነጸብራቁ ሃይፐርቦላ ነው ብሎ ይነሳል። እዚያ ግን ብዙ ቦታ ላይ ሃይፐርቦላ አይደለም፤ ስለዚህ የቱም የዘፈቀደ ፍለጋ አያድናችሁም። ኮዱን መጀመሪያ ራሳችሁ በሠራችሁት ጠፍጣፋ ንጣፍ ላይ ፈትሹ። እዚያ ከሠራ ኮዱን ተዉት፤ ማርሙሲ የሚፈልገው ቶሞግራፊ (ፍጥነቱን ከሞገዱ የጉዞ ጊዜ የሚያወጣ) ወይም ፉል ዌቭፎርም ኢንቨርዥን (ሙሉውን የሞገድ ቅርጽ የሚያዛምድ) ነው።